አንድ ጓጉንቸር ለሁላችን

ጥቅምት 3

ለምወድህ የወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ባጀህልኝ? ከእኔ ከአክስትህ፣ ከማይታዘዘው ልጄ ከሞተርና እንደኔው ማቃሰት ከጀመረችው የስፌት መኪናዬ የናፍቆት ሰላምታ ይድረስህ። የሰማዩ ጌታ ከምትውልበት እሳትና እንፋሎት ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ይለግማል፤ ቁጭ ብዬ ስለምሠራ ግን አልሰማውም።

ያለፈውን ደብዳቤህን ለጎረቤቶች አነበብኩላቸው። ተርባይን የሚባለውን ነገር ሳስረዳቸው ብታየኝ ኖሮ ራሴ መሐንዲስ የሆንኩ ነበር የሚመስልህ። “ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ መዘውሩን ያሽከረክራል፣ ከዚያ መብራት ይመጣል” አልኳቸው። ባለሱቁ ታዲያ “የኛ መብራት ለምን ይጠፋል?” ብሎ አፈጠጠብኝ፤ አንተ ያጠፋህበት ይመስል! “ልጁ ገና ተለማማጅ ነው፣ ሲጨርስ ትጠይቀዋለህ” ብዬ አፉን አዘጋሁት።

ስልክ እደውላለሁ እንዳትለኝ። ይኸው ባለሱቅ ስልኩን ያቀብለኝና ጆሮውን ቀስሮ አጠገቤ ይቆማል። ደግሞም በስልክ “ደህና ነኝ” ማለት ቀላል ነው። አንተን ወረቀት ላይ ነው የማውቅህ።

አንድ ክፍል አብሮህ የሚያድረው ጓደኛህ ነገር በጣም ያስቀኛል፤ ያ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ እንኳ የሚያፏጨው፣ ፉጨት ብላችሁ ስም ያወጣችሁለት ልጅ። እናቱ ሩቅ ናት ብለኸኛል። እስቲ የትከሻውን ልክ ላክልኝና ሸሚዝ ልስፋለት። አንተን የሚያስቅልኝ ልጅ አንድ ሸሚዝ አይበዛበትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አንደኛ፣ የወፍራም ሸራ መርፌ ላክልኝ። እዚህ የሚሸጠው አንድ ድንኳን ሳይጨርስ ይሰበራል። ሁለተኛው ጉዳይ ሞተር ነው። ባለፈው ካውያዬን ፈታታው። መልሶ ሲገጥመው አንድ ብሎን ተረፈችው፣ ካውያው ግን ይሠራል! እጁ እንዲህ ያለ ልጅ ቀኑን ሙሉ አጥር ላይ ተቀምጦ፣ በእግራቸው በረሃ አቋርጠው ድንበር ለመሻገር ከሚያስቡ ልጆች ጋር ወሬ ይሰልቃል። ከሰፈራችን ባለፈው ሰሞን ከሄዱት ልጆች የአንዱ ድምፅ ብቻ ነው የተሰማው። የሌሎቹ እናቶች ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ፣ እኔም እቀይራለሁ።

አባት የምትሉት ፎርማናችሁ በየዓመቱ አዲስ ተለማማጅ የሚመርጠው እሱ ነው ብለኸኝ ነበር። ለአንተ አባት ከሆነ ለሞተርም ይሁንለት። ለምንልኝ፣ አፈር ስሆን። ልጄ መሄዱ ካልቀረ በር አንኳኩቶ በሚገባበት በኩል ይሂድልኝ።

የያዝከው ይባረክ፣ የረገጥከው ይጽና።

አክስትህ


ኅዳር 21

ለእትዬ፣

ጤናሽን እመኛለሁ። ጉልበትሽን ይማርልሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ሥራው ደህና ነው። ጠዋት ቱታ እንለብሳለን፣ እየዞርን የእንፋሎቱን ግፊት የሚለኩትን ጌጆች እናነባለን፣ የሚያፈስ ነገር ካለ ለፎርማኑ እንናገራለን። ማሽኖቹ ስለሚጮሁ ጆሯችንን እንሸፍናለን። ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ አዎ ስለሆነ ችግር የለም።

ምሳ ላይ ሾርባ ይሰጡናል። ክፍሌ ደህና ነው። መስኮቱ ከጭስ ማውጫው ፊት ለፊት ነው፣ ጭሱ ግን ወደ ሌላ በኩል ነው የሚሄደው። ክፍሉ አሁን ሰፋ ብሎኛል።

ስለ ሞተር ፎርማኑን አናገርኩት። ወዲያው እሺ አለኝ። እንዲህ ቶሎ እሺ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም። የትምህርት ማስረጃውንና ፎቶግራፉን ላኪልኝ።

መርፌዎቹን ልኬልሻለሁ። ለፉጨት ሸሚዝ አትስፊ። አያስፈልግም።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ሰላም ሁኚልኝ።


ታኅሣሥ 19

ለምወድህ፣ ለማይሰለቸኝ፣ ለክፉ ደብዳቤ ጸሐፊ የወንድሜ ልጅ፣

የምሥራችህ ደርሶኛልና ደስታህን እጥፍ ያድርግልህ! እሰይ! ባለሱቁ ሲሰማ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “እኔም ወንድ ልጅ አለኝ እኮ” አይለኝም መሰለህ! “ያንተ ልጅ ሚዛን ማጭበርበር እንጂ መፍታት አይችልም” ብዬው ሄድኩ።

የሞተርን ሰነድ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ፎቶው ላይ የተኮሳተረው ሠራተኛ ለመምሰል ብሎ ነው። አሁን ልጁን ብታየው አታውቀውም። በጠዋት ይነሳል፣ ጢሙን ይላጫል፣ አጥሩ ላይ መቀመጥ ትቷል። የድሮ ደብተሮችህን ከአልጋ ሥር አውጥቶ እያነበበ ነው። ትናንት “እማዬ፣ ቫልቭ ማለት እኮ እንደ ቧንቧ መክፈቻ ነው፣ ትልቅ ብቻ” ብሎ አስረዳኝ። እኔም እንዳልገባኝ ሆኜ ደግመህ አስረዳኝ አልኩት፤ ድምፁን ልስማ ብዬ ነው።

አሁን ደግሞ ቁጣዬን ስማ። ያ ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው? የሐኪም ማዘዣ እንኳ ከዚያ የበለጠ ያወራል። “ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው።” ደህና የሆነ ሰው እንዲህ አይጽፍም፣ ያማርራል። ከፉጨት ጋር ተጣልታችኋል አይደል? አውቄብሃለሁ። ሁለት ወንድ በአንድ ክፍል፣ ካልሲ ይሆናል ያጣላችሁ። ሸሚዙን አትስፊ ብትለኝም ሰፍቼዋለሁ። ልኩን ስላላክህልኝ በሞተር ልክ ነው የሰፋሁት፤ ቁመናቸው ይመሳሰላል ብለኸኝ የለ? ስጠውና ታረቁ።

ሲጽፍልኝ እጁ የማይዝል ልጅ ያድርግህ።

አክስትህ


ጥር 25

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የሞተር ሰነድ ደርሶ ለፎርማኑ ሰጥቻለሁ። ሸሚዙም ደረሰ። ስፌቱ ያምራል። በፉጨት አልጋ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ፉጨት ሞቷል። የሞተው በጥቅምት መጨረሻ ነው። እስካሁን ያልነገርኩሽ ልደብቅሽ ብዬ አይደለም። ብዕር ሳነሳ የሚመጣልኝ “ሥራው ደህና ነው” የሚለው ብቻ ስለነበር ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ውሃውን ከሚያፈላው ቦይለር እንፋሎት የሚቀበል፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ትልቅ የብረት ጋን አለ። ውስጡን ልናጸዳ ስንገባ እንፋሎት የሚያስገባው ቫልቭ ይዘጋና መክፈቻ መዘውሩ በሰንሰለት ይታሰራል። ሰንሰለቱ ላይ ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። ደንቡ የሚገባ ሰው ሁሉ የየራሱን እንዲያንጠለጥል ነው። ቁልፉን ይዞ ይገባል፣ ሲወጣ ራሱ ይፈታል። አንድ ሰው ውስጥ ከቀረ ጓጉንቸሩ ስላልተፈታ ቫልቩን ማንም መክፈት አይችልም።

ፎርማናችን ግን ሲቸኩል የሚያንጠለጥለው የራሱን አንዱን ብቻ ነው። “የኔ ለሁላችሁ ይበቃል፣ ልጆቼ አይደላችሁ?” ይለናል። ደስ ይለን ነበር እትዬ። ሌሎቹ ፎርማኖች ተለማማጆቻቸውን በስም እንኳ አያውቋቸውም።

የዚያን ዕለት ፉጨት ጓጉንቸሩን ከኪሱ አውጥቶ “እኔም ላንጠልጥል” አለው። ፎርማኑ ሳቀ። “ሱቅ ልትዘጋ ነው እንዴ?” አለው። ፉጨትም ሳቀና መልሶ ኪሱ ከተተው። አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሥራውን ጨርሰን ወጣን። እኔ ዕቃ ላስቀምጥ ሄድኩ። ፉጨት የእጅ ባትሪውን ረስቶ ኖሮ ተመልሶ ገባ። ፎርማኑ ሁላችንም የወጣን መስሎት ጓጉንቸሩን ፈታና ቫልቩን ከፈተ። በማሽኖቹ ጩኸት ምንም አልተሰማም። ሆስፒታል ጥቂት ቀን ቆይቶ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ ምንም አይሰማኝም። አላለቀስኩም። ሾርባው ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አላውቅም። አንድ ቀን ከንፈሬ መላጡን የነገረኝ ምግብ የምታድለው ሴትዮ ናት። ሥራ እገባለሁ፣ ጌጁን አነባለሁ፣ እመለሳለሁ። መጥፎ ስሜት ቢኖረኝ እነግርሽ ነበር። ባዶ ነው።

በመጋቢት መጀመሪያ አጣሪ ኮሚቴ ይቀመጣል። ድርጅቱ ፉጨት ጓጉንቸር ሳያንጠለጥል ደንብ ጥሶ ገባ፣ ጥፋቱም የራሱ ነው ይላል። እንዲያ ከተወሰነ ለእናቱ ካሳ የላትም፤ ልጅሽ በገዛ ጥፋቱ ሞተ ተብላ ትቀራለች። ፎርማኑ ክፍሌ ድረስ መጣ። ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ፣ ቆሞ አለቀሰ። “እኔን ከሥራ ማባረር እሱን አይመልሰውም። ላንጠልጥል ሲለኝ አልሰማሁም በል፣ ይህቺን ብቻ” አለኝ። ከዚያ በሩ ላይ ቆም ብሎ “የአክስትህ ልጅ ወረቀት እኔ ጋ ነው፣ አትስጋ” አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን ሊያስፈራራኝ አልገባኝም።

ምን ልበል እትዬ? አንቺ ያልሽኝን እላለሁ። እኔ መምረጥ አልቻልኩም።


የካቲት 29

ለልጄ፣

የወንድሜ ልጅ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዛሬ ግን ልጄ ልበልህ፣ እናትህ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩህ እኔ ነኝና። እግዚአብሔር ያጽናህ። ለዚያ ልጅም ነፍሱን ይማር፣ ለእናቱም መጽናናቱን ይስጣት።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱን እየጻፍኩ ቀደድኩት። የምጽፈውን አጥቼ አይደለም። የምጽፈው አሳፍሮኝ ነው።

ዝም በል። አልሰማሁም በል።

እንዲህ ስልህ ምን እንደምልህ አውቃለሁ። ያቺን እናት መንገድ ላይ ባገኛት ቀና ብዬ አላያትም። ግን ልጇ ሞቷል፣ የኔ አለ። ነውር ነው፣ አዎ ነው፤ ታዲያ ምን ላድርግ? ሞተር ወረቀቱ የዘገየበት መስሎት ሰሞኑን እንደገና አጥሩ ላይ መውጣት ጀምሯል። “እማዬ፣ ያ ነገር ቀረ አይደል?” ይለኛል። “አልቀረም፣ ዝም በል” እለዋለሁ። ደብዳቤህን አላነበብኩለትም።

እዚህም ሞት አለ ትለኝ ይሆናል። አለ። ግን እዚያ አንተ አለህለት። የራስህን ጓጉንቸር አንጠልጥል ብለህ ትጮህበታለህ፣ እንቢ ካለህም በጥፊ ትለዋለህ። በረሃ ላይ ማን ይጮህለታል? እስቲ ንገረኝ፣ ማን?

ያንን ሸሚዝ በሞተር ልክ ነበር የሰፋሁት። ነገሩን ከነገርከኝ ወዲህ ሞተር ጀርባውን ሰጥቶኝ ከቤት ሲወጣ ማየት አቅቶኛል። እጠራዋለሁ፣ ሲዞር “ዳቦ ይዘህ ና” እለዋለሁ። ቤቱ በዳቦ ተሞልቷል።

አምላክ እኔንም ይቅር ይበለኝ፣ አንተንም ያበርታህ።

አክስትህ


መጋቢት 20

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለሞተር።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኮሚቴው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ቀድሞ ደርሶኝ ቢሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ያልሽኝን እላለሁ ብዬሽ ነበር፣ ምናልባትም እል ነበር። መልስሽን ስጠብቅ ቀኑ ደረሰና ጠሩኝ።

ረጅም ጠረጴዛ ነው፣ የውሃ ጠርሙሶች ተደርድረውበታል። ፎርማኑ ክራባት አስሮ ነበር። ክራባት ሲያስር አይቼው አላውቅም፣ ባለቤቱ አጥብቃ አስራለት ይሆን እንጃ፣ አንገቱን ቶሎ ቶሎ ይነካካ ነበር። ሰብሳቢው “ሟቹ ጓጉንቸር ለማንጠልጠል ጠይቆ ነበር ወይ?” አለኝ። “አዎ” አልኩት። “ምን ተባለ?” አለኝ። “ሱቅ ልትዘጋ ነው እንዴ ተባለ” አልኩት። ደፍሬ አይደለም እትዬ፣ እንዳታደንቂኝ። ጌጅ አንብብ እንዳሉኝ ነው ያነበብኩት። ፎርማኑ ወደኔ አላየም። ጠረጴዛውን እያየ “ልክ ነው፣ ብዬዋለሁ” አለ። ብዋሽለት ኖሮ እሱ ራሱ እውነቱን ይናገር ነበር ወይ፣ አሁን ሳስበው አላውቅም።

ጥፋቱ የፉጨት አይደለም ተብሎ ተወሰነ። ፎርማኑ ተሰናበተ። እሱ ዘንድሮ የመረጣቸው አዲስ ተለማማጆች በሙሉ ተሰርዘዋል፣ የሞተር ሰነድም ከዚህ ጋር ተመልሷል። አዲሱን ኃላፊ ለመንኩት። “በሚቀጥለው ዓመት እንደማንኛውም ሰው ይወዳደር” አለኝ።

የፉጨት እናት ዕቃውን ልትወስድ መጣች። አጭር ሴት ናት። ካልሲዎቹን ሳይቀር አጣጥፌ ሰጠኋት። ሸሚዙን አነሳችና “ይኼ አዲስ ነው፣ ማን ሰፋለት?” አለችኝ። አክስቴ አልኳት። “አግኝታው ታውቃለች?” “አታውቅም።” ሸሚዙን ደረቷ ላይ ለክታ “ልክ የሱ ነው፣ እንዴት አወቀች?” አለችኝ። ማልቀስ ጀምሬ ነበር። እሷ እኔን ስታባብለኝ፣ በረኛው መጥቶ በሩ ላይ እስኪቆም ድረስ አለቀስኩ። በማግስቱ ምሳ ላይ ሾርባው ጨው የበዛበት መሆኑን አወቅኩ። ሲበዛበት የኖረ ነው አሉኝ።

አሁን ሁሉም ነገር ይሰማኛል፣ ከሁሉም በላይ የሞተር ነገር። እትዬ፣ ልጁን ያዥልኝ። ዓመቱ ሩቅ አይደለም በይው። እኔ ራሴ ስለ ሥራው አንድ በአንድ እየጻፍኩ አዘጋጀዋለሁ፣ ፈተናውን ይወጣዋል። ከፈለግሽ በኔ ላይ ተቆጪ፣ ስደቢኝ፣ ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ።


ሚያዝያ 27

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለ። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ እየሰፋሁ ነው።

ሞተር ሄዷል። ሰነዱ መመለሱን ከነገርኩት በኋላ ጥቂት ቀን ተቀመጠ። በሚቀጥለው ዓመት ትወዳደራለህ ብሏል አልኩት፣ እሺ አለኝ። አልተቆጣም። አንድ ቀን ጠዋት ቁርሱን በላ፣ የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀባልኝ፣ “መጣሁ” ብሎ ወጣ። አጥሩ ላይ ከሚቀመጡት ሁለቱ አብረውት ሄደዋል። ጎረቤቶች ይመጣሉ፣ ትንሽ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ባለሱቁ የሻይ ቅጠል አመጣልኝ።

በአንተ ተቆጥቼ ነበር። ሁለት ቀን ያህል ሰደብኩህ፣ ከዚያ ተወኝ። ያቺ እናት በመጽናናቷ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝምም። እውነት ስለተናገርክ ልረግምህ አልችልም። ምርቃቱም ከአፌ አልወጣ ብሎኛል፣ ሲመጣ እጽፍልሃለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን ሱሪውን አምጥቶ “እማዬ፣ ወገቡ ተተርትሯልና ስፊልኝ” አለኝ። የሚሄዱት ልጆች የዘመድ ስልክ በጨርቅ ላይ ጽፈው ወገባቸው ውስጥ እንደሚያስገቡ እዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም፤ አንድ ነገር ቢሆኑ ያገኛቸው ሰው እንዲደውል ነው። ገልበጥ አድርጌ አየሁት፣ ጨርቁ ነበር። የባለሱቁ ስልክ መስሎኝ ነበር። የአንተ ማደሪያ ቁጥር ነው።

አትሄድም ብዬ ልጮህ ነበር። አልጮህኩም። ብጮህም በመርፌ ቁልፍ አያይዞት ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ይወድቅበታል ብዬ አሰብኩ። አንተ በላክህልኝ የሸራ መርፌ እጥፍ አድርጌ ሰፋሁለት፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩና ሰጠሁት። “እጅሽ ይባረክ” ብሎኝ ይዞት ገባ።

እንግዲህ ስልኩ የሚጮኸው አንተ ዘንድ ነው። የሚደውለው እሱ ራሱ ከሆነ ጻፍልኝ። ሌላ ሰው ከሆነ ግን አትጻፍልኝ፣ ለባለሱቁም አትደውል። ራስህ ና።

አክስትህ